ሳይወጣ የቀረው ዐለት

አረርቲ ላይ ግራናይት የለም። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ አለዚያ ስለ ግራናይት የሚያወራ ምዕራፍ ከሞጆ ተነሥቶ የምንጃርን የጤፍና የሽምብራ ማሳ እያቋረጠ አረርቲ ሲገባ አንባቢው ግራ መጋባቱ አይቀርም። ከተማው ዳር የድንጋይ አጥር ሲክቡ ያገኘኋቸው አንድ ጠና ያሉ ግንበኛም ጥያቄዬ ገርሟቸው ነበር። «ግራናይት?» አሉኝ መዶሻቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው። «እሱማ አዲስ አበባ ነው ልጄ፤ እብነ በረድ ቤት ሂድ።»

«ይሄ የያዙትስ ምን ይባላል?»

«ይሄ? ይሄ ድንጋይ ነዋ!»

ተቀብያቸው አየሁት። አሁን ስለተፈለጠ ፊቱ ገና ዝናብና ፀሐይ አልነካውም። መልኩ አመድማ ነው። አመዱ ውስጥ የሩዝ ፍሬ የሚያክሉ፣ ወደ ፀሐይ ሲያዘነብሏቸው እንደ መስታወት ብልጭ የሚሉ ነጫጭ ቅንጣቶች ተሰክተውበታል። በመካከላቸው ጥቋቁር ስንጥሮች ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ተጋድመዋል፤ እግር እንደረገጠው የሻማ ጠብታ ተዳምጠው ተለጥጠዋል። ስንጥሮቹ ትኩስ እንዳሉ በላያቸው የተቆለለው አመድ የደፈጠጣቸው የፑሚስ ቁራጮች ናቸው። ድንጋዩ ኢግኒምብራይት ይባላል። ከእሳተ ገሞራ ጋዝ ጋር ተደባልቆ እንደ ጎርፍ መሬት ለመሬት የወረደ፣ ባረፈበትም በራሱ ሙቀት የተበየደ አመድ ነው።

ይህን ድንጋይ ፈጭቼ በአንድ ከረጢት፣ የባቢሌን ግራናይት ፈጭቼ በሌላ ከረጢት ወደ ቤተ ሙከራ ብልክ የሚመለሱልኝ ሁለት ወረቀቶች የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ሲሊካው በሁለቱም 70 በመቶና ከዚያ በላይ ነው። አሉሚናው ከ10 እስከ 15 በመቶ ይሆናል፤ የሶዲየምና የፖታሲየም ኦክሳይዶች ተደምረው ከ8 እስከ 10 በመቶ ይደርሳሉ። ብረትና ካልሲየም ጥቂት ነው፤ ማግኒዥየም ለስም ያህል ብቻ። ልዩ የሚያደርጋቸው ያሳለፉት ታሪክ ነው። አንዱ በሰዓታት ውስጥ ፈንድቶ ወጣ፤ ሌላው ኪሎ ሜትሮች ከምድር በታች ተቀምጦ በመቶ ሺዎች ዓመታት ቀስ እያለ በረደ። ግራናይት ሳይወጣ የቀረ እሳተ ገሞራ ነው ቢባል ብዙም ከእውነቱ አይርቅም። የወጣውን በእጄ ይዤ ስላልወጣው ለማሰብ ከአረርቲ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም።

ነገሩን ለመረዳት የቅቤ ማሰሮ ይበቃል። የተነጠረ ቅቤ ከምድጃ ወርዶ ማዕድ ቤት ጥግ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ፣ ጠዋት ክዳኑ ሲነሣ አሸዋ አሸዋ የሚል ፍሬ ሠርቶ ይገኛል። ያንኑ ቅቤ በዝርግ ሳህን ገልብጠው ደብረ ብርሃን ውርጭ ላይ ቢያወጡት ግን ፍሬ ለመሥራት ፋታ አያገኝም፤ እንደ ሳሙና ልሙጥ ሆኖ ይረጋል። ዐለትም እንዲሁ ነው። ቀስ ብሎ የቀዘቀዘው በዓይን የሚቆጠር ፍሬ ያወጣል፤ ግራናይት የሚለው የጣልያንኛ ስምም የመጣው ከዚሁ «ፍሬ ፍሬ» ከሚል መልኩ ነው። በድንገት የቀዘቀዘው ደቃቅ ይሆናል፣ ጨርሶ ፋታ ያጣው ደግሞ ባልጩት። ጥቁሩ ባልጩትና ዥጉርጉሩ ግራናይት አንድ ዓይነት ቅመም ሊኖራቸው እንደሚችል ለተማሪዎች ስነግር የሚያምነኝ ጥቂት ነው።

የቅቤው ማሰሮ ሌላም ነገር ይነግረናል። ገና ሙሉ በሙሉ ሳይረጋ ከተመለከቱት ፍሬው ከታች ተቀምጦ፣ ከላይ ወርቃማ ዘይት ኩልል ብሎ ይታያል። ዘይቱን ቀድተው ሌላ ዕቃ ውስጥ ቢያስቀምጡት የመጀመሪያው ቅቤ በረጋበት ብርድ አይረጋም፤ ቶሎ የሚረጋው ስብ ከሥር ቀርቷልና። ከአንድ ቅቤ ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮች ወጡ ማለት ነው።

ቅልጥ ዐለት ሲበርድ ይኸው ይደርስበታል። ከምድር ቅርፊት ሥር ካለው ማንትል የሚመጣው ባዛልት 50 በመቶ ያህል ሲሊካ አለው። ሲበርድ መጀመሪያ የሚረጉት እንደ ኦሊቪን ያሉ ከባድና ሲሊካቸው አነስተኛ የሆነ ማዕድናት ናቸው፤ የኦሊቪን ሲሊካ 40 በመቶ አካባቢ ነው። ሲሊካው ያነሰውን ሲቀንሱለት የቀረው ፈሳሽ ሲሊካ ይበዛበታል። ከዚያ ፓይሮክሲን ይረጋል፣ ካልሲየም የያዘው ፌልድስፓር ይከተላል፤ ፈሳሹም እየመነመነ፣ እየነጣ፣ እየወፈረ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ጥቂት ፈሳሽ ግራናይት ለመሆን ደርሷል። ኖርማን ቦወን በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዋሽንግተን ውስጥ ዐለትን በፕላቲነም ዕቃ እያቀለጠና እያበረደ ያሳየው ይህንኑ ነው።

ሌላው መንገድ የአረቄ ነው። ድፍድፉ ማሰሮ ውስጥ ሲፈላ በቱቦው መጀመሪያ የሚንጠባጠበው ከድፍድፉ ጋር አይመሳሰልም፤ ቶሎ የሚተነው ተመርጦ ወጥቷል። ያረጀ የምድር ቅርፊትም ከታች እሳት ሲነድበት እንዳለ አይቀልጥም። ኳርትዝና ሁለቱ ፌልድስፓሮች ተረዳድተው ቀድመው ይቀልጣሉ። ውኃ ካለ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንኳ ሳይሞላ ይጀምራሉ፤ ውኃ ከሌለ ሌላ ሁለት ሦስት መቶ ዲግሪ ይፈልጋሉ። ያ የመጀመሪያው ጠብታ ግራናይት ነው።

እዚህ ላይ የብዙ አሥርት ዓመታት ክርክር የተቋጠረበት ነገር አለ። ኦርቪል ተትልና ቦወን እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተሙት ሥራ፣ ኳርትዝ፣ የሶዲየም ፌልድስፓርና የፖታሲየም ፌልድስፓር ውኃ ባለበት አብረው ሲቀልጡ የሙቀቱ ዝቅተኛ ነጥብ የት እንደሆነ ለኩ። በመላው ዓለም የተተነተኑ ግራናይቶችን አምጥተው ሲያስቀምጡ አብዛኞቹ በዚያ ነጥብ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ግራናይት በእርግጥ ከቅልጥ የመጣ መሆኑን ይህ አሳመነ። ከዚያ በፊት ግራናይት ሌላ ዐለት ሳይቀልጥ እንዲሁ እንደታሸ ሊጥ ተለውጦ የሚፈጠር ነው የሚሉ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ቀደም ብሎም ከጥንት ባሕር ውኃ የረጋ ነው የሚሉ ነበሩ፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ኸተን እ.ኤ.አ. በ1785 ግሌን ቲልት ወንዝ ዳር የግራናይት ሥሮች ሌላውን ዐለት ሰንጥቀው ሲገቡ አይቶ የነዚያን ሙግት አናግቶታል።

የተትልና ቦወን ውጤት ግን አንድ ነገር ሲፈታ ሌላ ቋጠረ። ባዛልትን ከላይ እያበረዱ ቢመጡ መድረሻው ያ ነጥብ ነው፤ ቅርፊትን ከታች እያሞቁ ቢነሡም መነሻው ያው ነጥብ ነው። መርካቶ መሐል የቆመን ሰው በየት በኩል እንደገባ ፊቱን አይቶ ማወቅ አይቻልም፤ ጫማው ላይ ያለውን አቧራ ማየት ያስፈልጋል። የግራናይት ጂኦኬሚስትሪ ቢሉኝ የጫማ አቧራ ምርመራ ነው እላለሁ። ሲሊካውና አሉሚናው ፊቱ ናቸው። አቧራው ያለው በሚሊዮን ጥቂት በሚቆጠሩት እንደ ስትሮንሺየም፣ ዩሮፒየምና ዚርኮኒየም ባሉት ውስጥ ነው።

ወደ አቧራው ከመሄዴ በፊት ስለ እብነ በረድ ቤቱ አንድ ነገር ልበል፤ ሳልናገር ካለፍኩ ያንገበግበኛል። አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ «ጥቁር ግራናይት» ተብሎ ለማዕድ ቤት ጠረጴዛ የሚሸጠው ድንጋይ አብዛኛውን ጊዜ ጋብሮ ነው፤ ማለትም ምድር ውስጥ ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ባዛልት። ለነጋዴ ግራናይት ማለት የሚያብረቀርቅ ጠንካራ ድንጋይ ማለት ነው። ለጂኦሎጂስት ግን ከኳርትዝና ፌልድስፓሩ ድምር ውስጥ ኳርትዙ ከ20 እስከ 60 በመቶ መሆን አለበት፤ ፌልድስፓሩም ተለይቶ ተቆጥሮ ነው ግራናይት፣ ግራኖዲዮራይት ወይም ቶናላይት የሚባለው። መላውን ቤተሰብ በአንድ ስም ለመጥራት ስንፈልግ ግራኒቶይድ እንላለን። በዚህ ሚዛን የአክሱም ሐውልቶች ራሳቸው ግራናይት አይደሉም። በየመማሪያ መጽሐፉ የግራናይት ሐውልት ሲባሉ ቢኖሩም የተጠረቡት ከኔፌሊን ሳይናይት ነው፤ ኳርትዝ የሚባል የለበትም። ከሮም እ.ኤ.አ. በ2005 ተመልሶ በ2008 የቆመው 24 ሜትሩ ሐውልት፣ ወድቆ የተሰበረው 33 ሜትር ገደማ የሆነውም ትልቁ፣ ከዚሁ ዓይነት ዐለት የወጡ ናቸው። ይህ ለሐውልቱ ክብር የሚጨምረውም የሚቀንሰውም የለም። ሲሊካ ያነሰው ቅልጥ ዐለት ሌላ መንገድ እንደሚሄድ ግን ያሳያል፤ ግራናይት መሆን የሚችለው ሁሉም አይደለም።

እውነተኛው የኢትዮጵያ ግራናይት የት አለ? ከላይ የተከመረው ባዛልት፣ የኖራ ድንጋይና አሸዋ ድንጋይ ተጠርጎ መሠረቱ በተገለጠበት ሁሉ። በትግራይ፣ በወለጋ፣ በቤኒሻንጉል፣ በጉጂ፣ በኮንሶ፣ በምሥራቅ ሐረርጌ። ከውቅሮ ወደ ሰሜን ነጃሺ መስጊድ ያለበት የነጋሽ አካባቢ አንድ ክብ የግራኒቶይድ አካል አለ። ጂኦሎጂስቱ አስፋወሰን አስራትና ባልደረቦቹ አጥንተውታል፤ ዚርኮን በሚባለው ግትር ማዕድን ውስጥ ያለው ዩራኒየም ወደ እርሳስ የተለወጠበትን መጠን ለክተው 608 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አገኙለት። በውስጡ ጥቁሩና ነጩ ቅልጥ ሳይዋሃዱ ተጎራብተው የረጉበት ቦታ አለ፤ እርጎና ቡና ቀላቅለው በደንብ ሳያማስሉ እንደተዉት ያለ ነው። ዘመኑ በምሥራቅ አፍሪካ ውቅያኖስ የተዘጋበት፣ ደሴቶችና አህጉሮች ተላትመው ጎንድዋና የተባለችው ታላቅ አህጉር የተሰፋችበት ነው። ውቅያኖስ ሲዘጋ የባሕሩ ወለል ወደ ማንትል ይሰምጣል፣ ውኃውን ይዞ ይወርዳል፣ ውኃውም ዐለቱን ያቀልጠዋል። ብዙ ግራናይት ያለ ውኃ አይገኝም የሚባለው ለዚህ ነው፤ ውኃ አልባ በሆኑት ጎረቤቶቻችን በቬነስና በጨረቃ ላይ እንደኛ አህጉር የሚያክል የግራናይት ክምችት አናውቅም።

የኮንሶው ግራናይት ደግሞ ልጅ ነው፤ 449 ሚሊዮን ዓመት። ግጭቱ ሁሉ ካለፈ፣ ምድር መለጠጥ ከጀመረች በኋላ የመጣ። ደረቅና ትኩስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 አውስትራሊያውያኑ ብሩስ ቻፔልና አለን ኋይት ግራናይቶችን በወላጃቸው ከፈሏቸው፦ ከእሳት ወለድ ዐለት የቀለጡትን «አይ»፣ ከጭቃና ደለል ዐለት የቀለጡትን «ኤስ» አሏቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ ሎይሴልና ዎንስ የተባሉ አሜሪካውያን እንደ ኮንሶው ያሉትን «ኤ» አሉ። «ኤ» አልካላይን ነው፣ ውኃ የሌለው ነው፣ ከተራራ መገንባት ጋር ያልተያያዘ ነው፤ ለሦስቱም የእንግሊዝኛ ቃል መነሻዋ ያችው ፊደል ናት። ለአንዲት ፊደል ይህን ሁሉ ማሸከም ለእኔ የምደባ ድክመት እንጂ ጥንካሬ አይመስለኝም፤ ግን ስሙ ተለምዷል።

አረርቲ ላይ ግራናይት ቢገኝ «ኤ» ይሆን ነበር።

ከከተማው ወደ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የቦሰት ተራራ አለ። ወደ ደቡብ ምሥራቅ የቆኔ ካልዴራ፣ ወደ ምሥራቅ ፈንታሌ። ምዕራቡን የያዘው ከፍታ ላይ ባልጪ አለች፤ ጂኦሎጂስቶች የሪዮላይት፣ ማለትም ወደ ላይ ወጥቶ የቀዘቀዘ የግራናይት ቅልጥ፣ ክምችት በስሟ ጠርተዋል። በዚህ ሁሉ ምድር አንድ እንግዳ ነገር ይታያል። ጥቁር ባዛልት ሞልቷል፤ ነጣ ያለ ሪዮላይትና ኢግኒምብራይት ሞልቷል፤ መካከለኛው ግን ብርቅ ነው። ባዛልት ቀስ በቀስ ወደ ሪዮላይት የሚለወጥ ከሆነ በመንገድ ላይ ያለው፣ 60 በመቶ ሲሊካ ያለው ዐለት የት ገባ? አያትና የልጅ ልጅ ቤት ሞልተው አባት ሲጠፋ ጎረቤት ልጁ የሌላ ነው ማለቱ አይቀርም። አንዳንድ ተመራማሪዎችም ይህንኑ አሉ፦ ሪዮላይቱ የባዛልቱ ልጅ አይደለም፤ ባዛልቱ ከታች አግሎት የቀለጠው የምድር ቅርፊት ነው።

አሁን ጫማውን እንመልከት። ሩቢዲየም-87 ወደ ስትሮንሺየም-87 ይለወጣል፤ ግማሹ ለመለወጥ 49 ቢሊዮን ዓመት ገደማ የሚወስድ በጣም ዘገምተኛ ሰዓት ነው። ያረጀ የግራናይት ቅርፊት ሩቢዲየም ስለሚበዛበት በመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ ስትሮንሺየም-87 ያጠራቅማል። የማንትል ሩቢዲየም በጣም ጥቂት ስለሆነ ያን ያህል አያጠራቅምም። ስትሮንሺየም-87ን ለስትሮንሺየም-86 ስናካፍለው ከማንትል የመጣው 0.703 ወይም 0.704 አካባቢ ይሆናል፤ ያረጀ ቅርፊት 0.710ን ያልፋል። ልዩነቱ በሦስተኛው አሃዝ ላይ ነው፤ ግን መሣሪያው ከዚያም በላይ አጥርቶ ያነባል።

ደረጀ አያሌው፣ ገዛኸኝ ይርጉና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003 ባሳተሟቸው ጥናቶች የሰሜን ምዕራቡን አምባ ኢግኒምብራይቶች እንዲህ መረመሩ። አምባው ላይ እንደ ጎርፍ ከፈሰሱት ባዛልቶች ጋር የወጣው የሪዮላይት መጠን ከ60 ሺህ ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር እንደሚበልጥ ገምተዋል። አቧራው በአብዛኛው የባዛልቱ ሆኖ ተገኘ፤ የቅርፊት ድርሻ እንደየቦታው ቢለያይም ሪዮላይቱን ብቻውን የወለደው እሱ አልነበረም። በስምጥ ሸለቆው ውስጥም አንጄሎ ፔቼሪሎ ከሁለቱ ኢትዮጵያውያንና ከሌሎች ጋር ቆቃ አጠገብ ባለው የገደምሳ እሳተ ገሞራ ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 ተመሳሳይ ነገር አሳየ፦ ባዛልቱ 90 በመቶ ያህል ከረጋ በኋላ የቀረው ዘይት ሪዮላይቱ ነው። የቅርፊትን ድርሻ አጉልተው የሚያዩ ሥራዎች ከዚያ በፊትም ነበሩ፤ ክርክሩ ጨርሶ አልተዘጋም።

እኔ የማደላው ለቅቤው ነው። ምክንያቴም ከስትሮንሺየም ይልቅ ሌላ ነው። የዚህ አካባቢ ሪዮላይት ብዙ ጊዜ ሶዲየምና ፖታሲየሙ በሞል ሲቆጠር ከአሉሚኒየሙ ይበልጣል፤ ፔራልካላይን ይባላል። ጭቃና ደለል ቢቀልጥ ግን ተቃራኒውን ይሰጣል፤ የሸክላ አፈር አሉሚኒየም የሞላበት ነውና። በተጨማሪም ፌልድስፓር ሲረጋ ስትሮንሺየምን፣ ባሪየምንና ዩሮፒየምን ይዞ ይሄዳል። የስምጥ ሸለቆው ሪዮላይት ውስጥ እነዚህ ተሟጠው ሲታዩ ብዙ ፌልድስፓር ከሥር እንደቀረ እናውቃለን። ስትሮንሺየሙ እስከዚህ በመሟጠጡም አንድ ጣጣ ይመጣል። ባዶ በሆነ ብርጭቆ ውስጥ አንድ ጠብታ ቀለም ብዙ እንደሚታይ ሁሉ፣ ቅልጡ ወደ ላይ ሲወጣ የነካው ትንሽ ግድግዳ የስትሮንሺየሙን ቁጥር ያዛባዋል። «ቅርፊት ቀለጠ» ለማለት በስትሮንሺየም ብቻ የሚፈርድ ሰው ይህን ጠብታ ሊሳሳትበት ይችላል። ኒዮዲሚየም በዚህ ረገድ ይታመናል፤ እሱ እየተሟጠጠ አይሄድም።

የጠፋው አባትስ? ቅልጡ በመሐሉ ላይ ሲደርስ ክሪስታል እየበዛበት እንደ ገንፎ ይወፍራል፤ ገንፎ ደግሞ በጠባብ ስንጥቅ አይወጣም። ፈሳሹ ባዛልት ይወጣል፤ ከክሪስታሉ ተጠልሎ የተለየው ሪዮላይት በጋዝ ተገፍቶ ይወጣል። አባትየው ከምድር በታች ቀርቷል።

ክሪስታል የማይቀበላቸው ነገሮች ሁሉ በመጨረሻው ዘይት ውስጥ ይሰበሰባሉ። ከነዚህ አንዱ ፍሎሪን ነው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ በብዙ ቦታ የዓለም ጤና ድርጅት ከሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ፍሎራይድ የሚያልፈው፣ ወንጂና መተሐራ ያደጉ ሰዎች ጥርሳቸው የሚበልዘው፣ ውኃው በእነዚህ ሪዮላይትና አመድ ውስጥ ሲያልፍ ይህን ፍሎሪን ስለሚያጥብ ነው። ከማግማ ጓዳ የተረፈ ነገር በልጅ ጥርስ ላይ ይነበባል። ግራናይትም ሳይወጣ ሲቀር ያንኑ ትራፊ ሰብስቦ ይይዛል። ጉጂ ውስጥ የቀንጢቻ ፔግማታይት 530 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው የመጨረሻ ዘይት ነው፤ ታንታለሙንና ሊቲየሙን ማንም ክሪስታል ስላልፈለጋቸው ለእሱ ተረፉት።

ባዛልትና ግራናይት ሲበሰብሱ የሚሰጡት አፈርም ይለያያል። ምንጃር መረሬውን ያገኘው ካልሲየምና ማግኒዥየም ከሞላበት የባዛልት ዘመድ ነው። ዝናቡ ካበቃ በኋላ እርጥበት ይዞ የሚቆይ አፈር ስለሆነ ሽምብራ ይወደዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ አንድ የሽምብራ ዝርያ «አረርቲ» ተብሎ ተሰይሟል። ባቢሌ ላይ ግን ግራናይቱ ሲፈራርስ ኳርትዙ አይሟሟም፤ አሸዋ ሆኖ ይቀራል። ለውዝ ፍሬውን መሬት ውስጥ ስለሚያፈራ ልል አሸዋማ አፈር ይመቸዋል፤ የባቢሌ ለውዝ ዝና ያገኘውም እንዲህ ባለ መሬት ላይ ነው። ፌልድስፓሩ ደግሞ ወደ ነጭ ሸክላ፣ ወደ ካኦሊን ይለወጣል። ጉጂ ውስጥ ቦምቦዋ የሚወጣው ካኦሊን ለሐዋሳው ታቦር ሴራሚክ ጥሬ ዕቃ ሆኖ ኖሯል። አረርቲ ራሷ የግንባታ ቁሳቁስና የቤት ዕቃ ማምረቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቶላታል። የሴራሚክ ንጣፍ ምድጃ 1,200 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ፌልድስፓሩ ቀድሞ ይቀልጥና ያልቀለጠውን ሸክላ ያጣብቀዋል። በየቤታችን ወለል ላይ ያለው ንጣፍ ጥቂቱ ቀልጦ ብዙው ሳይቀልጥ የቀረ ትንሽ ቅርፊት ነው።

ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ ለወራት ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ ምድር ተንቀጠቀጠች። አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ሌሊት ከነብርድ ልብሱ ደረጃ ወረደ፤ በአዋሽ ፈንታሌና በዙሪያው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቀዬውን ለቀቀ። የሳተላይት ራዳር መሬቱ በሁለት ጎን እየተከፈለ መሐሉ ሲሰምጥ አሳየ፤ ቅልጥ ዐለት በረጅም ጠባብ ስንጥቅ ወደ ጎን ሰርጎ ገብቶ ነበር። ዶፈን አጠገብ እንፋሎትና ጭቃ ተተፋ። ላቫ ግን አልወጣም። ዜናው «ሳይፈነዳ ቀረ» ብሎ አለፈው። እኔ ግን ያ ዜና ከአንድ ዐለት የልደት ቀን የሚያንስ አልመሰለኝም፤ እዚያ ስንጥቅ ውስጥ የቀረው ቅልጥ አሁን በዝግታ ፍሬ እየሠራ ነው። ወደ ግራናይት የሚያደርሰው መንገድ ረጅም ነው፤ ያ ቅልጥ ባዛልት ከሆነ ዘጠኝ እጁን ጥሎ አንድ እጁ ብቻ ነው የሚደርሰው። ዘጠኙ እጅ መኖሩን ግን በተዘዋዋሪ አይተናል። እ.ኤ.አ. በጥር 2003 ኢግል የተባለው ፕሮጀክት በስምጥ ሸለቆው ላይ ፈንጂ እያፈነዳ የድምፅ ሞገድ ወደ ምድር ሲልክ፣ በእሳተ ገሞራዎቹ መስመር ሥር ሞገዱ ከጎረቤቱ ፈጥኖ አለፈ። እዚያ ታች ከተለመደው ቅርፊት የሚከብድ፣ ጋብሮ የሚመስል ነገር ተቀምጧል። የማሰሮው ዝቃጭ መሆኑ ነው።

ይህን ሁሉ ባጭሩ ለግንበኛው ነገርኳቸው። የቅቤውን ነገር ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የስትሮንሺየሙን ነገር ሳልጨርሰው ሌላ ድንጋይ አንሥተው ጎኑን ይጠርቡ ጀመር።

«እና ከዚህ ሥር ግራናይት አለ ነው የምትለው?»

«ሁለት ዓይነት አለ ብዬ ነው የማምነው አባቴ። አንዱ እንደ ነጋሽና እንደ ባቢሌው ያለ የድሮ፤ በጣም ጥልቅ ነው፣ በላዩ አሸዋ ድንጋዩም ኖራውም ይሄ ሁሉም ተጭኖበታል። ሌላው የዚሁ የያዙት ወንድም፣ ሳይወጣ የቀረ።»

«ታዲያ መቼ ይወጣል?»

ነጋሽ ላይ የወጣው በላዩ የነበረው ኪሎ ሜትሮች ውፍረት ያለው ዐለት በወንዝና በዝናብ ተጠርጎ ነው፤ መቶ ሚሊዮኖች ዓመታት ወስዷል። ከሰምና ገርማማ ከዚህ አፈር እየወሰዱ ወደ አዋሽ ያወርዳሉ፤ ነገር ግን ስምጥ ሸለቆው ራሱ እየሰመጠ፣ እሳተ ገሞራውም ከላይ እየደረበ ስለሆነ እዚህ የሚቀበረው ከሚገለጠው ይበልጣል። ስለዚህ በቅርብ አይሆንም አልኳቸው።

«እንግዲያ ያንን አቀብለኝ» አሉኝ ከእግሬ ሥር ወዳለው ጠፍጣፋ ድንጋይ እያመለከቱ።